ከሚኒሶታ የመጣው ባንኮኒ፦ ጅማ ላይ ያበጠ ሜፕል

ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኬ ጮኸ።

«ቶሎ ድረስ፣ ባንኮኒው ፈነዳ!» የካፌው ባለቤት ጋሼ ናቸው።

ሃያ ዓመት እንጨት ስሠራ ሲሰነጠቅ፣ ሲጣመም፣ በምስጥ ሲበላ አይቻለሁ። ሲፈነዳ ግን አላየሁም። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ካፌው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው ያወራል። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥይት የተተኮሰ መስሎኝ መሬት ለመሬት ተኛሁ» ይላል።

ጥይት አልነበረም። ባንኮኒውን ከፊት ለፊት የያዘው የብረት አንግል ብየዳው ሁለት ቦታ ለቋል። እንጨቱ ብረቱን ገፍቶ ገፍቶ በጥሶታል። መሐሉ ደግሞ እንደ ግመል ጀርባ ተነስቷል። አስተናጋጇ የማኪያቶ ብርጭቆ አስቀመጠችልኝና ወደ ግድግዳው ሲንሸራተት አሳየችኝ። ብዙም አልሳቀችም።

ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው ከውጭ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ይጠቀምበታል ብዬ ነው። ደግሞም መናዘዝ አለብኝ። ያንን ባንኮኒ ያሰርኩት እኔው ነኝ።

እንጨቱ እንዴት ጅማ ገባ

ጋሼ ሚኒሶታ ብዙ ዓመት ኖረው ነው የተመለሱት። ኮንቴይነር ሞልተው መጡ። ከዕቃው መሐል በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወፋፍራም ገበታዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ርዝመት፣ 65 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት። ጠባብ ጠባብ ክፋዮች ጎን ለጎን በኮላ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። እዚያ አገር ሥጋ የሚቆረጥበት፣ ሊጥ የሚዳመጥበት የወጥ ቤት ገበታ እንደዚህ ይሠራል። ከሁለቱ ሌላ አንድ እስር ሳንቃ አለ። ላዩ ላይ «ሜፕል» የሚል ብቻ ተጽፎበታል።

አንዱን ገበታ ከሠራተኛዬ ጋር ስናነሳ ወገባችን ተንቋቋ። ጎረቤት ያለ የቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 56 ኪሎ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል።

«ይሄ እኮ ቅጠሉ የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ዛፍ ነው» አሉኝ ጋሼ እየኮሩ። እውነታቸውን ነው። ካናዳ ያንን ባንዲራ የሰቀለችው በፈረንጆቹ 1965 ነው። ከዚሁ ዛፍ ጣፋጭ ፈሳሽም ይቀዳል። ከ40 ሊትር ያህሉ ተፍልቶ ተፍልቶ 1 ሊትር ሽሮፕ ይወጣዋል። አንድ ጠርሙስ ይዘው መጥተው ነበር። እናታቸው እማማ በጣታቸው ቀመሱና «ንቡ የሰነፈበት ማር ነው» አሉ።

እኔ ሜፕል በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። እኛ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። የእኔ እጅ የሚያውቀው ዋንዛ፣ ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዝግባና የፈረንጅ ጥድ ነው። ጅማ ውስጥ አናጺ ሆኖ ከዋንዛ በርጩማ ያልጀመረ የለም። ስለዚህ ገበታውን እንደማውቀው እንጨት አሰርኩት። ኅዳር ላይ ነው። ፕላስቲኩን ቀደድን፣ በግድግዳውና በብረት አንግሉ መሐል ልክክ አድርገን ከተትነው፣ ከታች ከቱቦላሬው ጋር በየ30 ሳንቲ ሜትሩ በብሎን ወጠርነው። ምላጭ እንኳ አያስገባም ነበር። ልኬን አይተው ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ያ «ልክክ» ነው ጉዳችንን ያፈላው።

ሜፕል የአንድ ዛፍ ስም አይደለም

ባንኮኒው ከፈነዳ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ።

ሜፕል ከመቶ በላይ ዓይነት ያለው የዛፍ ወገን ነው። እንጨቱን የሚነግዱ አሜሪካኖች ግን በሁለት ይከፍሉታል፤ ጠንካራ ሜፕልና ለስላሳ ሜፕል። ጠንካራ የሚሉት በዋናነት ሽሮፑ የሚቀዳበትን ስኳር ሜፕል ነው፤ ጥቁር ሜፕልም እዚሁ ይገባል። ለስላሳ የሚባሉት ቀዩ፣ ብርማው፣ በምዕራቡ ጠረፍ የሚበቅለው ባለትልቅ ቅጠሉና ሌሎችም ናቸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የእንጨት ጥንካሬ የሚለካበት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። 11 ሚሊ ሜትር ከትንሽ የሆነች የብረት ኳስ ግማሽ አካሏ እንጨቱ ውስጥ እስክትገባ ትጫናለች፤ ስንት ኪሎ ጉልበት እንደፈጀ ይመዘገባል። ስኳር ሜፕል ወደ 660 ኪሎ ይፈልጋል። ቀይ ሜፕል 430 ገደማ። ባለትልቅ ቅጠሉ 385። ብርማው 320 አካባቢ ነው፣ የስኳሩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። አራቱም ሱቅ ውስጥ «ሜፕል» ተብለው ሊሸጡ ይችላሉ።

«ለስላሳ» የሚለው ስም ግን ሰው ያሳስታል። ቀይ ሜፕል ከፈረንጅ ጥድ ይጠነክራል። ለስላሳ የተባለው ከወንድሙ አንጻር ነው።

ጠንካራው ለምን እንደሚወደድ ባንኮኒው ላይ በጥፍሬ አይቼዋለሁ። ቀዳዳዎቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ዋንዛን ብትልጉት መስመሩ ውስጥ ቀዳዳ ይታያል፤ ሊጥ ብትጥሉበት ይጠቀጠቅበታል። ሜፕል ላይ ሊጥ አይያዝም። ሽታ የለውም፣ ጣዕም አይሰጥም። ስለዚህ የዳቦና የሥጋ ገበታ ያደርጉታል። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ወለልና የቦውሊንግ መንገድም ከእሱ ነው። ፑል ቤት የምትጫወቱበት ዘንግ ደህና ዓይነት ከሆነ ፊተኛው ግማሽ ሜፕል ነው፤ ነጣ ያለው ክፍል። የቫዮሊን ጀርባም ሜፕል ነው፣ እሱ ግን የአውሮፓው ዓይነት ነው። መስመሩ እንደ ውሃ ሞገድ የሚወዛወዘውን ይመርጡለታል። ከጋሼ ገበታ አንዷ ክፋይ ላይ ደግሞ ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ። «የወፍ ዓይን» ይሉታል። ለብቻው በውድ የሚሸጥ ነው። እዚያ ክፋይ ላይ አሁን የስኳር ዕቃ ተቀምጦበታል።

ጉድለቱም አለ። ውጭ ዝናብ ላይ ቢቀመጥ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ፈንገስ አይችልም። ጥርሱ በደነዘዘ መጋዝ ሲቆረጥ ይጠቁራል፤ ሽታው ራሱ የተቃጠለ ስኳር ይመስላል። ቀለም ሲቀባ ይነቁጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይንቀሳቀሳል።

ዘጠኝ ሚሊ ሜትር

እንጨት ከሞተም በኋላ ይጠጣል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠብባል። ይህን ማንም አናጺ ያውቃል። እኔ ያላወቅኩት ስንት እንደሆነ ነው።

ስኳር ሜፕል ከለጋ እርጥብነቱ እስከ ፍጹም ድርቀት ሲሄድ በግንዱ ቀለበት አቅጣጫ 9.9 በመቶ ይጠብባል። ከልቡ ወደ ልጡ ባለው አቅጣጫ 4.8 በመቶ ነው። በርዝመቱ የሚንቀሳቀሰው እዚህ ግባ የማይባል ነው። በተግባር ሲሰላ፣ የእርጥበቱ መጠን 1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ስፋቱ እንደ አቆራረጡ ከ0.17 እስከ 0.35 በመቶ ያብጣል። ቀይ ሜፕልም ብርማውም ከዚህ ያነሰ ነው የሚንቀሳቀሱት። ጠንካራው ከለስላሳው ይብሳል ማለት ነው።

አሁን ሚኒሶታን አስቡ። ቅዝቃዜው ከባድ ነው፣ ቤቱ ቀን ከሌት በማሞቂያ ይሞቃል፣ አየሩ ደረቅ ነው። እንጨቱም ለዚያ ቤት ነው የተዘጋጀው። እንዲህ ባለ ቤት የሚገባ እንጨት ከ6 እስከ 8 በመቶ እርጥበት ይዞ ይሠራል። ከዚያ ፕላስቲክ ተጠቀለለ። ባሕር አቋርጦ፣ ጅቡቲን አልፎ፣ ጅማ ደረሰ። ፕላስቲኩ የተቀደደው እኔ ፊት ነው። ጅማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት አገር ናት። ልብስ ታጥቦ ሦስት ቀን የማይደርቅበት ሳምንት አለ።

ኅዳር ላይ የእርጥበት መለኪያ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ የገዛሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ሰኔ ላይ ገበታው ላይ ስሰካው 13.5 አለኝ። ሲታሰር 7.5 አካባቢ ነበር ብንል 6 ነጥብ ጠጥቷል። በ650 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ አስሉት። ክፋዮቹ ሁሉ በአንዱ አቆራረጥ ቢሆኑ 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ሁሉም በሌላው ቢሆኑ ከ13.5 በላይ ያብጣል። የእኛው ድብልቅ ነበር። ብሎኑን ፈትተን ስንለካው 659 ሆኖ ተገኘ። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር። የትንሿ ጣት ጥፍር ወርድ ታክላለች።

እኔ ለዚህች ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ቦታ አልተውኩም። በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ብረት። ግድግዳው አይሸሽም። እንጨቱ መጀመሪያ ጀርባውን አነሳ፣ ቀጥሎ ብረቱን በጠሰ። በድሮ ዘመን ድንጋይ ጠራቢዎች ደረቅ የእንጨት ሽብልቅ ስንጥቅ ውስጥ ከትተው ውሃ እያጠጡ ቋጥኝ ይሰነጥቁ ነበር። ብየዳ ለዚያ ጉልበት ምኑ ነው?

ላዩን በዘይት ያሸን ቢሆንም ሆዱን ራቁቱን ነው የተውነው። ከሥሩ ደግሞ የዕቃ ማጠቢያው እንፋሎት አለ። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። በማጠቢያው በኩል ያለው ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከታች ጠቁሯል፣ ጥቁር ቀጭን መስመሮች እንደ ካርታ ድንበር ተጋድመውበታል። ፈንገስ ነው። ጉድ የሚባለው፣ እንዲህ ፈንገስ የሠራበትን ሜፕል ለውበቱ ብለው የሚገዙ ሰዎች አሉ። ጋሼ ግን እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደሉም።

ሦስት እግር፣ ሦስት ጉድጓድ

ባንኮኒውን እየፈታን ሳለ ጋሼ ሌላ ነገር አሳዩኝ። ከእስር ሳንቃው አራት ጠረጴዛ ሠርቼላቸው ነበር። ላያቸው በሙሉ በትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ተሞልቷል። ሦስት ሦስት ሆነው።

«ይሄ ደግሞ ምን በላው?»

ማታ ወለሉ ሲታጠብ ልጆቹ በርጩማዎቹን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ያቆማሉ። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው። የእግሩ ጫፍ ሹል ነው፣ ልጆቹም ቀስ ብለው አያስቀምጡም። ባንኮኒው ላይም ያቆማሉ፣ እዚያ ግን አንድም ምልክት የለም።

«አንድ እንጨት አይደለም እንዴ?» አሉ ጋሼ። «ሁለቱንም ሜፕል ብለው ነው የሸጡልኝ።»

የገበታው 56 ኪሎ እዚህ ላይ ጠቀመን። 3 ሜትር በ65 በ4 ሳንቲ ሜትር 0.078 ሜትር ኩብ ነው። 56 ኪሎው ለዚህ ሲካፈል በሜትር ኩብ 718 ኪሎ ይመጣል። ስኳር ሜፕል 705 አካባቢ ነው የሚመዝነው፤ ገጠመ። ከሳንቃው ደግሞ 30 በ20 በ2.5 ሳንቲ ሜትር ቆርጠን ሱቅ ሚዛን ላይ አወጣነው። 920 ግራም። በሜትር ኩብ 613 ማለት ነው። ቀይ ሜፕል 610 ነው የሚባለው።

ሚዛን ብቻውን አያስተማምንም፣ እርጥበት ያሳስታል። ሌላ ፈተና አለ። የብረት ሰልፌት በውሃ በጥብጦ እንጨቱ ላይ መቀባት። ጠንካራው አረንጓዴ ነገር ይሆናል፣ ለስላሳው ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይሄዳል። የብረት ሰልፌት ከየት ይመጣል? ባለቤቴ ስታረግዝ ጤና ጣቢያ የተሰጣት የብረት እንክብል ትዝ አለኝ፤ ተርፎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሽፋኑን አጥበን፣ ወቅጠን፣ በቡና ሲኒ ውሃ በጠበጥነው። ከገበታው ስባሪና ከሳንቃው ስባሪ ላይ በጥጥ ቀባን። ሠራተኛዬ እንደ እርግዝና ምርመራ ውጤት አፍጥጦ ይጠብቃል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ የደረቀ ሣር የሚመስል አረንጓዴ ያዘ። ሌላው እንደ ቀለም ብልቃጥ ጠቆረ።

ሳንቃው ለስላሳው ነው። ከክብደቱ ተነስቼ ቀዩ ነው እላለሁ። ማንም አልዋሸም፣ ቀይ ሜፕልም ሜፕል ነው። ብቻ ለጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ለመሳቢያ፣ ለመደርደሪያ፣ ለሳጥን የሚሆን ነበር።

ጉድጓዶቹን እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገን በጋለ ካውያ ነካ ነካ አደረግናቸው። እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት መልሶ ያሳብጠዋል። አብዛኞቹ ተነሱ። እንጨት ማበጡን የወደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቡና የጠጣ ጠረጴዛ

ጋሼ እግረ መንገዱን ጠረጴዛዎቹ የዋንዛ መልክ ይያዙልኝ አሉ። ከሱቅ የገዛነውን ማቅለሚያ አንዱ ላይ ቀባሁ። ፊቱ ማድያት የወጣበት ሰው መሰለ፤ እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ገርጣ። የሜፕል ችግር ነው። ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ ቀለሙን እኩል አይጠጣም። ቀድሞ ቀዳዳ የሚደፍን ቀጠን ያለ ሴለር ቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ከዚያ ማቅለም ይሻላል። ይሻላል እንጂ አይድንም።

እማማ ከኋላ ሆነው ያዩ ነበር። «ቡና አጠጡት» አሉ። እየቀለዱ ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። የዛገ ሚስማር ኮምጣጤ ውስጥ ሰንብቶ የሚወጣው ውሃ ታኒን፣ ማለትም ብረት ሲነካው የሚጠቁር ንጥረ ነገር፣ ያለበትን እንጨት ያጠቁራል። ሜፕል ታኒኑ ትንሽ ነው። ቡና ግን የሚተካው ነገር አለው። ወፍራም ቡና አፍልተን ሁለት ጊዜ ቀባነው፣ ሲደርቅ የሚስማሩን ኮምጣጤ ደረብንበት። ዓይናችን እያየ ጠቆረ። ነጠብጣብ የለው፣ እኩል ነው። ቀለሙ ግን የዋንዛ አይደለም፣ የዝናብ ደመና ነው። ለእኔ እጅግ ያምራል። ጋሼ «አመድ» አሉት። አንዱ እንደ አመዱ ቀረ፣ ሦስቱ በተፈጥሮ ነጣ ያለ መልካቸው። ደንበኛ ግን ፎቶ የሚነሳው አመዱ ላይ ነው።

እንዴት መልሰን አሰርነው

ገበታውን አንድ ወር ያህል ካፌው ውስጥ በክፋይ እንጨት ላይ አስተኝተን አቆየነው። አየሩን እንዲለምድ ነው፣ ላይና ታች እኩል እንዲነፍሰው። የጠቆረውን ጫፍ ቆረጥነው። በምን እንተካው ሲባል ጭቅጭቅ ተነሳ። ጋሼ ሌላ ሜፕል ለማስመጣት ዳዳቸው። እማማ ናቸው የዘጉት፤ «ዋንዛ አገር ቁጭ ብለህ?»

ዋንዛም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሀበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እኛ ያገኘነው የአንድ ገበሬ ቡና ጥላ የነበረና በፈቃድ የተቆረጠ ነው። ልቡ ቡናማ ነው፣ ከነጩ ሜፕል አጠገብ ሲቆም ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። እናስመስል አላልንም። ውሃ ያለበት ጋ ዋንዛ፣ ዳቦ የሚቆረጥበት ጋ ሜፕል። ዋንዛ እንቅስቃሴውም ትንሽ ነው። ሁለቱን በኮላ አላጣበቅንም፣ መሐላቸው ቀጭን ክፍተት ትተን በሚለጠጥ ሲሊኮን ሞላነው።

በግድግዳው በኩል 15 ሚሊ ሜትር ተውን። ክፍተቱ እንዳይታይ ከላይ የዋንዛ ክፈፍ ጣል አደረግንበት፤ ክፈፉ የተያያዘው ከግድግዳው ጋር ብቻ ነው፣ ገበታው ከሥሩ እንደልቡ ይሄዳል ይመጣል። ቱቦላሬው ላይ ክብ የነበሩትን የብሎን ቀዳዳዎች በስፋቱ አቅጣጫ ረዘም ረዘም አድርገን ሞረድናቸው። ብሎኑ በሰፊ ሮንዴላ ይይዛል፣ ጥብቅ አይልም። ከፊት በኩል ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ነው የማይነቃነቀው፣ መልኩ ከፊት እንዳይዛባ።

ማሻውም ተለወጠ። የምግብ ዘይት ይሸታል፣ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ከፋርማሲ ፈሳሽ ፓራፊን ገዛን፣ ከገበያ ንጹሕ የንብ ሰም። በሙቅ ውሃ ላይ አቅልጠን ቀላቅለን ላዩንም ሆዱንም ጠርዙንም እኩል አሸነው። ልጆቹ በየወሩ ይደግሙታል። ይደግማሉ ተብሏል እንበል።

ለመጀመሪያው ማሰሪያ ገንዘብ አልመለስኩም፣ ለሁለተኛው ግን የጉልበት አላስከፈልኩም። ጋሼ ሊከፍሉ ፈልገው ነበር። እማማ «ተወው፣ ተምሮበታል» አሏቸው።

ጥር ላይ ሄጄ ክፈፉን ነቅዬ ለካሁት። ገበታው 656 ሆኗል፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ጠብቧል። መለኪያው 11.5 ይላል። ጉብታ የለም፣ ብርጭቆ አይንሸራተትም። ክፈፉን መልሼ ስመታ ዘበኛው ራሱን በበሩ አስገባ።

«ዘንድሮም ይተኩሳል?»

«ሰኔ ይምጣና እናያለን» አልኩት።